በእግዚአብሔር መታመን ሰኞ ጠዋት ቢሮ ውስጥ ምን ይመስላል?

የኖኅ ርግብ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ቤት ከአንባቢነት አልፌ አላውቅም፤ ዛሬ ግን ቸገረኝ።

የምሠራው ግዢ ክፍል ነው። ኃላፊዬ ገና ያልገባ ዕቃ እንደ ገባ አድርጌ እንድፈርም ጠየቀኝ። «ዕቃው መግባቱ አይቀርም፤ ሂሳብ መዝጊያ ስለ ደረሰ ነው፤ ሁሌም የሚደረግ ነገር ነው» አለኝ። ሰውዬው ሌባ አይመስለኝም፤ ምናልባት የሚለውም እውነት ነው። ግን ወረቀቱ ላይ የተጻፈው «ቆጥሬ ተረክቤአለሁ» ነው። አልቆጠርኩም፤ አልተረከብኩም።

መፈረም እንደሌለብኝ አውቃለሁ፤ ስለዚያ አትከራከሩኝ። የጨነቀኝ ከዚያ ወዲያ ያለው ነው። ያማከርኳቸው ሁሉ «በእግዚአብሔር ታመኚ» አሉኝ፤ አንድም ሰው ግን መታመን ምን ማድረግ እንደሆነ አልነገረኝም። ዝም ብዬ ልጠብቅ? ሌላ ሥራ መፈለግ ከጀመርኩ አልታመንኩም ማለት ነው? ማስረጃ ይዤ ብቀመጥስ፣ ምሳሌ 3 ላይ «በራስህም ማስተዋል አትደገፍ» የተባለውን መጣሴ ነው? የቤቱ ወጪ በእኔ ላይ ነው፤ እናቴም የምትኖረው ከእኔ ጋር ነው። እሑድ በዝማሬ ሰዓት የሚሰማኝ ሰላም ሰኞ የቢሮውን በር ስከፍት የት እንደሚገባ አላውቅም።

ብርሃን ይሁን

እህቴ፣ አይዞሽ! ለአንቺ የሚያስበው የሰላም አሳብ ነው፤ ፍጻሜና ተስፋ ይሰጥሻል (ኤርምያስ 29፥11)። አትፈርሚ፣ ጠላት ይፈር! አንዱ በር ሲዘጋ ጌታ የተሻለውን ይከፍታል። እኔ በራሴ ሕይወት አይቼዋለሁ፤ ከለቀቅኩት ሥራ እጥፍ የሚከፈልበት ነው የሰጠኝ። ምስክርነትሽን እንጠብቃለን፣ በርቺ!

የዮናስ ቅል

ብርሃን፣ በፍቅር ነው የምናገረው፤ ይህች ጥቅስ ግን ትንሽ ዕረፍት ይገባታል።

ኤርምያስ 29 ደብዳቤ ነው፤ የተላከውም ወደ ባቢሎን ለተማረኩ ሰዎች ነው። ከቁጥር 11 በፊት ቁጥር 10 አለ፤ እዚያ ላይ የተጻፈው 70 ዓመት ነው። ደብዳቤው ሲነበብ ከሰሙት አዋቂዎች አብዛኞቹ ተስፋውን በዓይናቸው ሳያዩ እዚያው ነው የሚቀበሩት። ምዕራፍ 28 ላይ ደግሞ ሐናንያ የሚባል ነቢይ «በሁለት ዓመት ውስጥ ሁሉም ይመለሳል» እያለ ነበር። ሕዝቡ የቱን ስብከት እንደሚወድ መገመት አይከብድም። እውነቱን ልንገርህ፣ «እጥፍ ደመወዝ» የሚለው ከኤርምያስ ይልቅ ወደ ሐናንያ ይጠጋል።

ርግብ፣ ለአንቺ የሚጠቅምሽ ቁጥር 5 ይመስለኛል። እየጠበቁ ምን እንዲያደርጉ ታዘዙ? ቤት ሥሩ፣ አትክልት ትከሉ፣ ልጆቻችሁን ዳሩ፣ ለተማረካችሁባት ከተማ ሰላም ጸልዩ። ይህ ሁሉ ሥራ ነው። ያለ ሥራ መጠበቅ በዚያ ደብዳቤ ውስጥ የለም። ስለዚህ ሌላ ሥራ መፈለግሽን ከእምነት ማጣት የሚቆጥርብሽ ሰው ካለ ቁጥር 5ን አንብቢለት።

አሮጌ አቁማዳ

ልጄ፣ ጥያቄሽ ሰዎች ከሚመስላቸው የጠለቀ ነው። መጽሐፍ ቅዱስ ራሱ ሁለት ዓይነት መልስ ይሰጥበታል።

ዕዝራ ምዕራፍ 8ን ተመልከቺ። ዕዝራ ከባቢሎን ወደ ኢየሩሳሌም ሲወጣ ብዙ ብርና ወርቅ፣ ሕፃናትም የያዘ ጉዞ ይመራ ነበር። መንገዱ የአራት ወር መንገድ ነው፤ ሽፍታም አለበት። ከንጉሡ ወታደርና ፈረሰኛ መጠየቅ ይችል ነበር፤ ግን አፈረ። በአኅዋ ወንዝ አጠገብ ጾም አወጀና ያለ አጃቢ ሄደ። እግዚአብሔርም ጠበቃቸው።

አሁን ነህምያ ምዕራፍ 2ን ክፈቺ። ይህም በዚያው በፋርስ ንጉሥ በአርጤክስስ ዘመን ነው፤ 13 ዓመት ቢያልፍ ነው። መንገዱ ወደዚያችው ከተማ ነው፤ አደጋውም ያው ነው። ነህምያ ግን ከንጉሡ ለአገረ ገዢዎቹ የሚሰጥ ደብዳቤ ለመነ፤ ከንጉሡ ዱር እንጨት የሚያስቆርጥለት ሌላ ደብዳቤም ለመነ። ከዚያም የጦር አለቆችና ፈረሰኞች አብረውት ሄዱ። እሱስ አልታመነም? «የአምላኬ መልካም እጅ በእኔ ላይ ስለ ነበረች» ንጉሡ ሰጠኝ ነው የሚለው። አንዱ አጃቢ ሳይዝ የእግዚአብሔርን እጅ አየ፤ ሌላው ያንኑ እጅ በአጃቢዎቹ ውስጥ አየ።

ስለዚህ «የታመነ ሰው ማስረጃ አይዝም» ወይም «የታመነ ሰው ማስረጃ መያዝ አለበት» ብሎ ደንብ የሚያወጣልሽ ካለ፣ ከሁለቱ አንዱን መጽሐፍ ዘሎታል ማለት ነው።

የኖኅ ርግብ

አባቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ግን ይበልጥ ግራ ገባኝ። እኔ ዕዝራ ነኝ ወይስ ነህምያ? በምን ይታወቃል?

አሮጌ አቁማዳ

ዕዝራ ለምን እንዳፈረ ራሱ ጽፎታል። ለንጉሡ አስቀድሞ «የአምላካችን እጅ በሚሹት ሁሉ ላይ ለመልካም ነው» ብሎ ተናግሯል። ይህን ብሎ ሲያበቃ ወታደር ቢለምን በንጉሡ ፊት የአፉ ቃልና ሥራው ይጣሉበታል። ነህምያ እንዲህ ያለ ቃል አልተናገረም፤ ስለዚህ የሚጣላበት ነገር የለም።

አንቺም የተናገርሽውን አስቢ። ቢሮ ውስጥ ክርስቲያን መሆንሽ ይታወቃል እንበል። ታዲያ ከዚህ ምስክርነት ጋር የሚጣላው የቱ ነው? ያልቆጠርሽውን «ቆጠርሁ» ማለት ይጣላል። የደብዳቤ ግልባጭ ማስቀመጥ ግን አይጣላም። ኃላፊሽን በሌለበት ማማት ይጣላል፤ ሌላ ሥራ መጠየቅ አይጣላም። የምለካው በዚህ ነው። ከአጃቢው መኖር አለመኖር ይልቅ የተናገርሽው ቃል መጠበቁን ተመልከቺ።

ቆጣሪው

ሙያዬ ኦዲት ነው፤ ስለዚህ ይህን የውይይት ክር ሳላይ ማለፍ አልቻልኩም። አባታችን ያነሡት ዕዝራ 8 ላይ የቀረ ነገር አለ። ያለ ወታደር የሄደው ዕዝራ ብሩንና ወርቁን ያለ ቆጠራ አልሄደም። ከመነሣቱ በፊት ለ12 ካህናት መዝኖ አስረከበ፤ ብሩ ብቻ 650 መክሊት ነው። ኢየሩሳሌም ሲደርሱ በቁጥርና በሚዛን መልሰው አስረከቡ፤ ሚዛኑም ተጻፈ። ያ ሁሉ የሆነው ታላቅ የእምነት ጉዞ በተባለው ውስጥ ነው! በሙያዬ እንደዚህ ምዕራፍ የምወደው የለም።

ጆርጅ ሙለርን አንዳንዶቻችሁ ታውቁታላችሁ። በ1836 እንግሊዝ ውስጥ ብሪስቶል ላይ ለወላጅ አልባ ልጆች ቤት ከፈተ፤ በሕይወት ዘመኑ 10,000 ያህል ልጆች እጁ ላይ አደጉ። ለማንም ሰው «ስጡኝ» ላለማለት ወስኖ፣ የሚያስፈልገውን ለእግዚአብሔር ብቻ ይናገር ነበር። በስብከት ሁሌ የሚነሣው ይኸው ነው። የማይነሣው ደግሞ ለሰጪዎች ደረሰኝ ይሰጥ እንደነበር፣ የገባውንና የወጣውን ዘርዝሮ በየዓመቱ ያሳትም እንደነበር ነው። ጸሎቱና መዝገቡ አንድ ቤት ውስጥ ነበሩ።

ርግብ፣ ስምሽ ርግብ ስለሆነ የእባቡን ድርሻ እኔ ላዋጣ (ማቴዎስ 10፥16)። ዳንኤል ምዕራፍ 1ን እንደ ሥራ መመሪያ አንብቢው። ዳንኤል የንጉሡን መብል እንዳይበላ በልቡ ወሰነ፤ ግን ማዕዱን አልገለበጠም። መጀመሪያ አለቃውን በአክብሮት ጠየቀ። አለቃው ፈራ፤ «ንጉሡ ከስታችሁ ቢያያችሁ የምቀጣው እኔ ነኝ» አለ። ዳንኤል ይህን ፍርሃት አልናቀም። ወደ ቅርብ ተቆጣጣሪያቸው ሄዶ ለአሥር ቀን ብቻ እንዲሞከር ሐሳብ አቀረበ። ኃላፊሽም እንዲህ የሚፈራው አለቃ ይኖረዋል። «አልፈርምም» ብቻ ብለሽ ከምትወጪ መውጫ መንገድ ይዘሽለት ግቢ። ለምሳሌ ያልገባውን ዕቃ «ታዝዟል፣ አልገባም» ብሎ ለብቻው በዝርዝር ማሳየት በየትኛውም የሂሳብ አያያዝ ይቻላል። «ይህን ዝርዝር እኔ አዘጋጅቼ እፈርማለሁ» በይው። ውይይታችሁን በዚያው ቀን በአጭር ኢሜይል አረጋግጪ፤ ክስ ሳይሆን ማስታወሻ ይሁን። «ዛሬ እንደተነጋገርነው ዕቃው ሲገባ ቆጥሬ እፈርማለሁ» ይበቃል።

ከበሩ ውጭ

ይህን ሁሉ አነበብኩ። ሁላችሁም የምታውቁትን ታሪክ አንድ ሰው ሌላውን ግማሹን ይንገራችሁ።

እኔም አልፈርምም ያልኩ ሰው ነኝ። በአክብሮት ጠየቅኩ፣ በጽሑፍ አስቀመጥኩ፣ ጸለይኩ፣ ጾምኩ። ከሥራ ወጣሁ። «የተሻለው በር» አልተከፈተም። አሁን የምሠራው ከበፊቱ ባነሰ ደመወዝ ነው። በእኔ ቦታ የፈረመው ልጅ አደገ። ቤተ ክርስቲያን የምስክርነት ሰዓት ሲደርስ እኔን ማንም አይጠራኝም፤ የእኔ ታሪክ «ከዚያስ?» ሲሉት መልስ የለውም። እህቴ፣ አትፈርሚ። ግን እነዚህ ሰዎች እጥፍ ይከፈልሻል ብለው እንዲልኩሽ አትፍቀጂ። ሄደሽ ባዶ እጅሽን ብትመለሺ አብረውሽ አይቆሙም።

ብርሃን ይሁን

ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ዘግይቶ አያውቅም። ምናልባት በልብህ የያዝከው ምሬት ይሆናል በረከትህን የዘጋው። ራስህን መርምር።

አወያይ

ብርሃን ይሁን፣ የሌላውን ሰው ልብ መመርመር በዚህ ቤት ደንብ አይፈቀድም። ስለ ሐሳቡ ተናገር፣ ስለ ሰውዬው አትናገር። ክሩ ይቀጥል።

የዮናስ ቅል

ለብርሃን ከአወያዩ ይልቅ የኢዮብ ወዳጆች ቢመልሱለት ይሻላል፤ እነሱም «ራስህን መርምር» ብለውት ነበር። በመጨረሻ ቁጣ የመጣው በማን ላይ እንደሆነ ምዕራፍ 42 ላይ አለ።

ከበሩ ውጭ፣ ለአንተ የሐዋርያት ሥራ 12ን ላንሣ። ሄሮድስ የዮሐንስን ወንድም ያዕቆብን በሰይፍ አስገደለው። ይህ በአንድ ቁጥር ያልቃል። ከዚያ ጴጥሮስን አሰረው፤ 16 ወታደር ጠባቂ አቆመበት። ቤተ ክርስቲያን አጥብቃ ጸለየች፣ መልአክ መጣ፣ ሰንሰለቱ ወደቀ። ለጴጥሮስ ግማሽ ምዕራፍ፣ ለያዕቆብ አንድ ዓረፍተ ነገር! ለያዕቆብ አልጸለዩም ነበር? እምነቱ ያንስ ነበር? ሉቃስ እንዲህ የሚል ቃል አልጻፈም። ያዕቆብ ምሥጢር ከሚካፈሉት ከሦስቱ አንዱ ነው፤ በተራራው ላይም በጌቴሴማኒም ነበረ።

ዕብራውያን 11ም እንዲሁ ነው። ቁጥር 34 «ከሰይፍ ስለት አመለጡ» ይላል፤ ቁጥር 37 ላይ «በሰይፍ ተገድለው ሞቱ»። በእምነት ምክንያት ያመለጡና በእምነት ምክንያት የሞቱ በአንድ ዝርዝር ውስጥ ናቸው፤ ቁጥር 39ም ሁሉንም በእምነታቸው ተመሰከረላቸው ይላል። ምስክርነት የሚሰጠው ላመለጠው ብቻ የሆነው በእኛ ጉባኤ ነው።

(በነገራችን ላይ፣ የጸለዩት ሰዎች ጴጥሮስ በሩን ሲያንኳኳ አላመኑም። ከበር ሮጣ የነገረቻቸውን አገልጋይ፣ ሮዴን፣ «አብደሻል» አሏት። ፍጹም እምነት ስለሌለን ጸሎታችን አይሰማም የምንል ሰዎች ይህን ቦታ ብናነብ መልካም ነው።)

ከበሩ ውጭ

ያዕቆብን እንዲህ አስቤው አላውቅም ነበር። ግን ጥያቄው አይዘጋም። የያዕቆብ እናት፣ ያቺ በማቴዎስ 20 ላይ ለልጆቿ በቀኝና በግራ ወንበር የለመነችው፣ በዚያ ሳምንት በሕይወት ከነበረች ጴጥሮስ ከእስር ወጣ ሲሉ ምን ተሰማት? ለእሷ ምን ትላታላችሁ?

አሮጌ አቁማዳ

ወንድሜ፣ ለዚህ መልስ የለኝም። ያለው ያው ነው፤ ወንበር ስትለምን ጌታ ስለ ጽዋ መለሰላት፤ «ጽዋዬንስ ትጠጣላችሁ» አለ። አስቀድሞ ተነግሯቸዋል ማለት ነው። መነገሩ ግን ኀዘኑን ያቀልል አያቀልል፣ ልጅ የቀበረ ይናገር። እኔ ከእሷ አጠገብ ብሆን ዝም እላለሁ።

አንተ ግን ባዶ እጄን ተመለስሁ አልህ። እኔ የማየው እህትህ ተመሳሳይ መንገድ ልትገባ ስትል ዋጋውን ሳትደብቅ የነገርሃትን ሰው ነው። ጌታም እንዲሁ ነው ያደረገው። ብዙ ሕዝብ ሲከተለው ዘወር ብሎ «ግንብ የሚሠራ ተቀምጦ ኪሳራውን አይቆጥርምን» አላቸው (ሉቃስ 14)። ዋጋውን ደብቆ ደቀ መዝሙር አልጠራም።

የሦስት እናት

ሁላችሁም ወንዶች መሰላችሁኝ፤ ይቅርታ ካጠፋሁ። ርግብ ስለ ፊርማው ብቻ አልጠየቀችም፤ «ሰላሜ ሰኞ የት ይገባል» ነው ያለችው። ያንን ማንም አልነካውም።

እህቴ፣ ሰላሙ ስላልተሰማሽ አልታመንሽም ማለት አይደለም። ለብዙ ጊዜ መታመንን በልቤ ምት ነው የምለካው የነበረው፤ ልቤ ሲመታ «እምነት የለኝም» እላለሁ፣ ይህ ደግሞ ራሱ ሌላ ጭንቀት ይሆንብኛል። መዝሙር 56 ላይ ዳዊት የሚለው ግን «በምፈራበት ቀን በአንተ እታመናለሁ» ነው። ፍርሃቱና መታመኑ በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰው ውስጥ ናቸው። ጌታ ራሱ በጌቴሴማኒ ላቡ እንደ ደም ነጠብጣብ እየወረደ ነው «የአንተ ፈቃድ ይሁን» ያለው። እዚያ ሰዓት ማንም መጥቶ «ሰላም ከሌለህ አልታመንህም» ቢለው አስቡት።

የኤልያስም ነገር አለ። 1ኛ ነገሥት 19 ላይ ሞትን ሲለምን እግዚአብሔር አልገሠጸውም። መልአኩ ቀሰቀሰውና «ተነሥተህ ብላ» አለው። በላ፣ ተኛ። እንደገና ቀስቅሶ አበላው። ንግግሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ በዚህ ሳምንት እንቅልፍሽን አትጣዪ፤ መብላትም አትተዪ። ጭንቀቱ ከአቅም በላይ ሆኖ ሐኪም ጋ መሄድ ቢያስፈልግሽም ሂጂ። ጳውሎስ ብዙዎችን ፈውሶ ሳለ ጥሮፊሞስን ታሞ በሚሊጢን ትቶት ሄዷል (2ኛ ጢሞቴዎስ 4፥20)፤ ሉቃስንም «የተወደደው ባለ መድኃኒት» ነው የሚለው። መድኃኒት መውሰድን እምነት ማጣት የሚል ሰው ከጳውሎስ ይበልጣል።

ስለ ጸሎትም ልናገር። ሦስት ልጅ ያላት ሴት ንጋት ላይ አንድ ሰዓት ተንበርክካ አትጸልይም፤ የሚጸልዩ እናቶች ካሉ እግዚአብሔር ይባርካቸው። እኔ ግን ነህምያ 2፥4 ነው ያዳነኝ። ንጉሡ «ምን ትለምናለህ?» አለው፤ ነህምያ ወደ ሰማይ አምላክ ጸለየ፤ ለንጉሡም መለሰ። በጥያቄውና በመልሱ መካከል ያለው ጊዜ ስንት ነው? አንድ ትንፋሽ! ኃላፊሽ ሲያናግርሽም ያ ጊዜ አለሽ። (ነህምያ አራት ወር ያህል ሲጸልይበት የቆየ ጉዳይ እንደነበረም አልካድኩም።)

ብርሃን ይሁን

እሺ፣ እኔ ላይ ዘመታችሁብኝ፤ ግን አንድ ነገር መልሱልኝ። መታመንን ሁላችሁም የቢሮ ደብዳቤ አደረጋችሁት። ኢሜይል፣ ግልባጭ፣ ዝርዝር፣ ሐኪም። እግዚአብሔርን የማያውቅ ሰውም ይህን ሁሉ ያደርጋል። ታዲያ ልዩነቱ የት ነው? ኤልያስን የመገበው በቁራ ነው። እኛ ዘመን ላይ ቁራ አልቋል?

የዮናስ ቅል

ይህ የክሩ ምርጥ ጥያቄ ነው፤ ስቀልድ አይደለም።

አሮጌ አቁማዳ

ብርሃን ልጄ ትክክል ጠይቋል፤ መልስም ይገባዋል። ቁራው አላለቀም። ግን ታሪኩን እስከ መጨረሻ እንየው። ቁራዎቹ ጠዋትና ማታ ያመላልሱ ነበር፤ ውኃውን የሚጠጣው ከፈፋው ነው። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ፈፋው ደረቀ። እግዚአብሔር ራሱ የላከው ስፍራ ደረቀ! ቀጥሎ የላከው ወደ አንዲት ድሃ መበለት ነው፤ እሷም ያለቻት የመጨረሻ ዱቄት ናት። አመጋገቡ ተለወጠ፤ መጋቢው አልተለወጠም። ተአምርን የሚንቅ ሰው ቁራውን ያጣል፤ ቁራን ብቻ የሚጠብቅ ደግሞ መበለቲቱ ደጅ ሳይደርስ ይቀራል።

ልዩነቱ የት ነው ላልኸው ደግሞ መናውን አስብ። ዘፀአት 16 ላይ የዕለቱን ለዕለቱ ሰብስቡ ተባለ፤ ለነገ ያስቀረው ተላበት፣ ሸተተም። በስድስተኛው ቀን ግን እጥፍ ሰብስበው እንዲያስቀምጡ ታዘዙ፤ ያም አልተላም። ማስቀመጡ በሌላው ቀን አለማመን፣ በስድስተኛው ቀን መታዘዝ ሆነ። የሚያዩት ሥራ ያው መሰብሰብና ማስቀመጥ ነው። ከውጭ የሚያይ ሰው ሁለቱን አይለያቸውም። ያላመነም ሰው ኢሜይል ይጽፋል፣ እሷም ትጽፋለች። ኢሜይሉ ካልሠራላትና ፊርማው ሥራዋን የሚያድንላት መስሎ ከታያት ምን ታደርጋለች? ልዩነቱ እዚያ ቀን ይወጣል።

አባ እንጦንስ በበረሃ ሳለ ስልቹነት ያዘውና «ጌታ ሆይ፣ ልድን እወዳለሁ፣ አሳቤ ግን አይለቀኝም» ብሎ ጮኸ ይባላል። ወጣ ሲል እርሱን የሚመስል ሰው አየ፤ ተቀምጦ ገመድ ይጎነጉናል፣ ተነሥቶ ይጸልያል፣ ተመልሶ ይጎነጉናል። መልአክ ነበር። «እንዲህ አድርግ፣ ትድናለህ» አለው። መልአክ መምጣቱ ተአምር ነው፤ መጥቶ ያሳየው ግን ገመድ መጎንጎን ነው።

ብርሃን ይሁን

ስለ ፈፋው አላስተዋልኩም ነበር። አስብበታለሁ። አሁንም ግን ርግብ የተሻለ ሥራ እንድታገኝ እጸልያለሁ፤ ያንን አትከለክሉኝም።

የዮናስ ቅል

ማን ከለከለህ፤ እኔም አሜን እላለሁ።

ቆጣሪው

ቁጠባን በተመለከተ አጭር ቃል ብቻ። ሉቃስ 12 ላይ ትልቅ ጎተራ ሊሠራ ያሰበው ሰው ሰነፍ ተባለ፤ ዘፍጥረት 41 ላይ ጎተራ የሞላው ዮሴፍ ጥበበኛ ተባለ። የመጀመሪያው ለነፍሱ፣ ሁለተኛው ለሕዝብ ነው ያከማቸው። ርግብ እናቷን ይዛ ስለምትኖር፣ ለጥቂት ወራት የሚሆን ገንዘብ ቢኖራት ከዮሴፍ ወገን ነች።

የኖኅ ርግብ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። የሆነውን ልንገራችሁ።

ዛሬ ኃላፊዬ ጋ ገባሁ። ሰላሙ አልነበረም፤ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። «ያልገባውን ለብቻው በዝርዝር አዘጋጅቼ እፈርማለሁ፤ የገባውን ደግሞ ዛሬውኑ እቆጥራለሁ» አልኩት። ተቆጣ። «አንቺ ብቻ ነሽ ጻድቅ?» አለኝ። የአንድ ትንፋሹን ጸሎት ጸለይኩ፤ ምን እንዳልኩ እንኳ አላስታውስም። «ጻድቅ ስለሆንኩ አይደለም፤ ፊርማዬ ውሸት እንዲሆን ስለማልፈልግ ነው፤ አንተም በኋላ ተጠያቂ እንድትሆን አልፈልግም» አልኩት። ዝም አለ። ከዚያ «ጉዳዩን ወደ ላይ አቀርባለሁ» ብሎ ሐሙስ ከሥራ አስኪያጁ ጋር ስብሰባ እንዳለኝ ነገረኝ። ኢሜይሉን ወዲያው ላክሁ።

ሌላ ሥራ ማመልከትም ጀምሬአለሁ። ለእናቴም ነገርኳት፤ እስከ ዛሬ ደብቄያት ነበር። የመለሰችልኝን እዚህ አልጽፈውም፤ የእኔና የእሷ ይሁን። ሐሙስ ምን ይዤ ልግባ?

የሦስት እናት

ረቡዕ ማታ ቶሎ ተኚ። ሌላው ይደርሳል።

ከበሩ ውጭ

እኔ ያላደረግኳቸውን ልንገርሽ፤ ከዚህ በላይ የምጠቅምሽ ነገር የለኝም።

ስብሰባው ላይ ቃለ ጉባኤ እንዲያዝ ጠይቂ፤ ካልተያዘም ወጥተሽ በዚያው ሰዓት የተባለውን በአጭሩ ጽፈሽ ለሁለቱም ላኪ። ከሰው ሀብት ክፍል አንድ ሰው እንዲገኝ አስቀድመሽ በጽሑፍ ጠይቂ፤ ከስብሰባው በፊት ባለው ቀን ይሁን፣ በዕለቱ ጠዋት አይሁን። የሥራ ውልሽንና የሥራ ዝርዝርሽን ዛሬ ማታ አንብቢ፤ «ቆጥሮ መረከብ» የአንቺ ኃላፊነት ተብሎ ተጽፎ ከሆነ ያን ገጽ ይዘሽ ግቢ፤ ከዚያ በኋላ የምትናገሪው ስለ ሃይማኖትሽ ሳይሆን ስለ ሥራሽ ይሆናል። ስለ ኃላፊሽ ባሕርይ አንድ ቃል አትናገሪ። ወረቀት አቅርበው «አሁኑኑ ፈርሚ» ቢሉሽ «አንብቤ ነገ እመልሳለሁ» በይ፤ የመልቀቂያ ደብዳቤም ቢሆን እዚያው እንዳትፈርሚ። እኔ የፈረምኩት እዚያው ነው።

ሐሙስ ስንት ሰዓት ነው?

የኖኅ ርግብ

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት።

ከበሩ ውጭ

እሺ። በዚያ ሰዓት ሥራ ላይ ነኝ፤ ግን ስልኬ ክፍት ነው። ከስብሰባው ስትወጪ ደብዳቤ ለመጻፍ ሰው ካስፈለገሽ በውስጥ መልእክት ላኪልኝ።